ደብተሩን አምጣ በሉት

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ በተሰጠ ማግስት፣ ገና በጠዋቱ፣ አንድ ጎረቤቴ የ5ኛ ክፍል ልጁን በክንዱ ይዞ ቤቴ ገባ። «አባባ፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ። «መከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ ገረፍኩት፤ ወይ ፍንክች! ይኸው ከ62 ልጅ 41ኛ ወጣልኝ። ደብተር ሳይጎድልበት፣ አስጠኚ ቀጥሬለት፣ ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» ልጁ መሬት መሬት እያየ የሹራቡን እጅጌ ያኝካል።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባል የለ? ጎረቤቴ ምክሩን ጨርሶ መከራው ላይ ሊደርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። ቁጭ በሉ አልኳቸው። ካርዱን ተቀብዬ አየሁትና አጥፌ አስቀመጥኩት። «አሁን ደግሞ ደብተሩን አምጡልኝ» አልኩ። አባትየው ግር አለው። ልጁ ግን ሮጦ ሄዶ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጣ።

36 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን በታችኛው ክፍል። ደብተር ሳገላብጥ ልጁ የት ቦታ ላይ እንደደከመው ይታየኛል። የዚህ ልጅ ደብተር መስከረም ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ስሙ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበት፣ ርእሱ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ነው የጀመረው። ጥቅምትን በደህና አልፏል። ኅዳር ላይ ክፍልፋይ ሲመጣ ጽሑፉ መንጋደድ ይጀምራል፤ ይሰርዛል፣ ይፍቃል፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ይፍቃል። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ዓይኔ ቆመ። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት አምስተኛ ይላል። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሮታል። ከሥሩ አምስት ጥያቄ አለ፤ አምስቱም በዚያው መንገድ ተሠርተዋል። ግርጌው ላይ የመምህሩ ፊርማና «ታይቷል» የሚል ቃል በቀይ ተጽፏል።

መምህሩን አልወቅስም። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ62 ልጅ ቢካፈል ለአንዱ 40 ሴኮንድ እንኳ አይደርሰውም። እኔም በዘመኔ እንዲሁ ፈርሜ አልፌያለሁ።

ባለቤቴን አንድ እንጀራ አምጪልን አልኳት። ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን ለአባት ሰጠሁ። ከቀረው ላይ የሙሉውን እንጀራ ሲሶ ቆርጬ ለልጁ ሰጠሁት።

«የአባትህና ያንተ አንድ ላይ ቢሆን ከግማሽ እንጀራ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ይበልጣል እንጂ!»

«እሺ። አንድ እንጀራ አምስት ቦታ ቆርሰህ ሁለቱን ብቻ ብትወስድስ? ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

እጁን ዘረጋ፤ አምስት ጣቱን አየ፤ ሁለቱን አጠፈ። «ያንሳል» አለ ቀስ ብሎ። ደብተሩን አየ፣ እንጀራውን አየ፣ ሳቀ። ተሳስተሃል ያለው ሰው የለም፤ ስህተቱን ያገኘው ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀላል ነበር። እንጀራው ስድስት ቦታ ቢቆረስ ግማሹ ሦስት ቁራሽ ነው፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፤ ሲደመር ከስድስቱ አምስቱ፣ አምስት ስድስተኛ ማለት ነው። የቀሩትን ጥያቄዎች ራሱ አረማቸው። ሁሉም ነገር ከ20 ደቂቃ በላይ አልፈጀም። አባትየው ግማሽ እንጀራውን እንደያዘ ዝም ብሎ ያየን ነበር።

ልጁን «ሂድ ተጫወት» ብዬ ሸኘሁትና አባቱን መከርኩት። እዚህ የምጽፈው ለእርሱ ያልኩትን ነው፤ ያው ነገር በብዙ ቤት እንዳለ አውቃለሁና።

ልጄ፣ አልኩት፣ ልጅህ ሰነፍ አይደለም። ኅዳር ላይ አንድ ያልገባው ነገር ነበረ። ታኅሣሥ በዚያ ላይ ሌላ ከመረበት፣ ጥር ደግሞ ሌላ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚባለው ይኸው ነው። አንተ በካርዱ ያየኸው አዝመራውን ነው እንጂ አረሙ የበቀለበትን ቀን አላየህም። ያን ቀን ለማየት ደግሞ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻህም፤ አጠገቡ መቀመጥ ነው የሚያሻህ።

«እኔ ራሴ ከ10ኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ምን አውቄ ላስጠናው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ በየወላጅ ስብሰባው ስሰማው ኖሬያለሁ። ስለዚህ የእናቴን ነገር አጫወትኩት።

እናቴ ፊደል አትለይም ነበር። እኔ መጀመሪያ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ኩራዙን ወደ እኔ ታስጠጋና «በል አንብብልኝ» ትለኛለች። እርሷ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች። አንዳንድ ቀን ሲሰለቸኝ መስመር እዘላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ገጹን ሳላይ በቃሌ የያዝኩትን አወርደዋለሁ። «ቆይ» ትለኛለች፤ «እሱን መልሰህ በለው።» እንዴት እንደምታውቅብኝ አይገባኝም ነበር። ካደግሁ በኋላ ብጠይቃት፣ «ስታነብ ጣትህ ይሄዳል። ስትዋሽ ጣትህ ቆሞ አፍህ ብቻውን ይሄዳል» አለችኝ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ እርሷም ከጎረቤቶቿ ጋር ተመዝግባ ፊደል ቆጠረች፤ ስሟን መጻፍ ቻለች። እኔን አንባቢ ያደረገችኝ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አንዲት ፊደል ሳታውቅ፣ ጣቴን እያየች።

የኔታም የሚያደርጉት ያንኑ እንደነበረ የገባኝ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። የፊደል ገበታው 33 በ7፣ 231 ፊደል ነው። ልጅ በዜማ ሲያወርደው በቃሉ ይዞት ይሁን ፊደሉን ለይቶት አይታወቅም። ስለዚህ የኔታ ከላይ ወደ ታች ያስቆጥሩታል፣ መልሰው ከታች ወደ ላይ ያስቆጥሩታል፤ ከዚያ መሀል ቦታ ላይ በስንደዶ ጠቁመው «ይህስ?» ይሉታል። ፊደል ሳይለይ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ እሱን ሳይወጣ ወደ ዳዊት የሚሻገር የለም። አንዱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ አንዱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ 41ኛ የሚባል ግን የለም። በቁርአን ቤትም ልጁ በሎሑ፣ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ሳይዝ ሎሑ ታጥቦ ሌላ አይጻፍበትም። የድሮው ትምህርት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ አርጩሜውም የከፋ ነበር። ይህን አንድ ነገር ግን ከእኛ ይበልጥ ያውቅ ነበር፤ ልጅ ያልያዘውን እንደያዘ ቆጥሮ አያሳልፍም።

እኛ እያሳለፍን የት ደረስን? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶው ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። አገር ደነገጠ፤ ብዙ ወላጅም ለ12ኛ ክፍል ልጁ አስጠኚ ፍለጋ ሮጠ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ያ ፈተና የተወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። የዓለም ባንክ ባወጣው ስሌት በአሥር ዓመታቸው አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉ የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶ 90 ያህል ናቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ማለት የ4ኛ ክፍል ልጅ ነው። ፈተናው የተወደቀው እዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

እንግዲህ የታች ክፍል ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህችን አድርጉልኝ። ከመማሪያ መጽሐፉ ገና ያልተማረውን ገጽ ክፈቱና ድምፁን አውጥቶ ያንብብላችሁ። የተማረውን ገጽ አታስነብቡት፤ እሱን በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። ጣቱን እዩ። ሲጨርስ መጽሐፉን ዝጉና «ምን ይላል? በራስህ አፍ ንገረኝ» በሉት። የነገራችሁ ከሆነ አንብቧል። ዝም ካለ ወይም ያንኑ ቃል በቃል ከደገመ፣ ያነበነበ እንጂ ያነበበ አይደለም። ማንበብና ማነብነብን ለይቶ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ጉሊት ውላ ደክሟት ለምትገባ እናት ሩብ ሰዓትም ይበቃታል። ያም ካልሆነላችሁ ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስነብበው። የኔታ ዘንድ ትልቁ ተማሪ ነው ትንሹን የሚያስቀጽለው፤ ሲያስቀጽል ደግሞ የራሱ ይጸናለታል። እናንተ ምጣዱ አጠገብ ሆናችሁ ስሟቸው።

አስጠኚ መቅጠርን አልነቅፍም። ነገር ግን የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ ለልጁ የሚያስገለብጥ አስጠኚ ብዙ አይቻለሁ። ደብተሩ ያምራል፣ ልጁ ባዶ ይሆናል። አስጠኚውንም ቢሆን ማታ ደብተሩን በማየት ነው የምትቆጣጠሩት።

ስለ ደረጃ ደግሞ ልናገር። እኛ ልጅ ስናገኝ ከስሙ ቀጥሎ የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው። ዘመድ ይጠይቀዋል፣ ጎረቤት ይጠይቀዋል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይጠይቀዋል። ደረጃ ልጁ ከጓደኞቹ መሀል የት እንደቆመ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም። በደካማ ክፍል ውስጥ 1ኛ የወጣ ልጅ ሳያነብ ሊያልፍ ይችላል፤ በጎበዝ ክፍል 20ኛ የወጣው ደህና አድርጎ ያውቅ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው «እህትህን አታያትም?» የሚለው ነው። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ብለው አባቶቻችን የጨረሱትን ነገር እኛ በካርድ ልናስተካክለው እንሞክራለን። ሁለት ወንድማማቾች አስተምሬ አውቃለሁ። ታላቁ አንዴ የሰማውን ይይዛል። ታናሹ ሦስት ጊዜ ካልሠራው አይገባውም፤ ከገባው በኋላ ግን የሚያስረሳው የለም። እናታቸው ታናሹን በታላቁ ስም ስትሰድበው ትውላለች። ልጁ እየቆየ መጠየቁንም መሞከሩንም ተወ። ሞክሮ ከወንድሙ ከሚያንስ ሳይሞክር ሰነፍ መባሉ ቀለለው። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን «ዛሬ ምን ከበደህ?» በሚለው ለውጡት። የመጀመሪያው ቀን «ምንም» ይላችኋል። በሁለተኛውም ቀን «ምንም»። ተዉት፣ በነጋታው ደግማችሁ ጠይቁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፤ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር ያወጣል። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ነውና ጥሬውን ታግሣችሁ ስሙ፤ ብስሉ የሚመጣው አብሮት ነው። «መምህሩ ይጠላኛል» ይላችሁ ይሆናል፤ ጥሬ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ከኋላ ስለምቀመጥ ሰሌዳው አይታየኝም» ይላል፤ ይህ ብስል ነው። ስንት ልጅ ዓይኑ ደክሞ ሳለ ሰነፍ ተብሎ ቀርቷል! «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሆነባቸው ልጆች በየክፍሉ የመጨረሻ ወንበር ላይ አሉ። ልጃችሁ ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨናብስ ከሆነ፣ ወይም መጽሐፍ አፍንጫው ሥር አድርጎ የሚያነብ ከሆነ፣ ከቁጣ በፊት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው «ወላጅ አምጣ» ሲባል ብቻ ነው። ይህን ልጆቹ ያውቁታል። በማስተምርበት ዘመን ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ መንገድ ላይ ያገኘውን ጎረምሳ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞብን ይመጣ ነበር። አንዱን እንዲህ ያለ አጎት «የልጁ ሙሉ ስም ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። የአባቱ ወንድም ነኝ ብሎኝ ነበር፤ የልጁን አያት ስም ግን አያውቅም። የገዛ አባቱን ስም ማለት ነው። ልጁን ተቆጥቼ ከክፍል አስወጣሁት። ዛሬ ሳስበው መቆጣት የነበረብኝ በእርሱ ላይ አልነበረም። አባቱን ከመጥራት የማያውቀውን ሰው መለመን የቀለለው፣ አባቱ የትምህርት ቤቱን ደጅ የሚረግጠው ለዱላ ብቻ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ምንም ሳይጠፋ ሂዱ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ አንድ ቀን፣ ለአሥር ደቂቃ። የመምህሩን ስም እወቁ። «ልጄ የት ነው የሚቀመጠው? ምን ይከብደዋል? ቤት ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከ60 ልጅ መሀል ወላጁ መጥቶ ያነጋገረኝ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱ ተለይቶ ይታየኝ ነበር፤ ይህ ለሌሎቹ አድልዎ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የሰው ዓይን እንዲህ ነው የተሠራው። የወላጅና መምህር ስብሰባ ሲጠራም «የመዋጮ ነገር ነው» ብላችሁ አትቅሩ። አባቶችን በተለይ እለምናለሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ በየስብሰባው ወንበሩን የሚሞሉት እናቶች ነበሩ።

የአርጩሜን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ጎረቤቴም «ገረፍኩት» ብሎኛልና። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባልኩ አደግሁ፤ እኔም እያልኩ አስተማርኩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አርጩሜና ጠመኔ አብሬ ይዤ ነበር ክፍል የምገባው። የማባዛት ሰንጠረዥ ላይ ለአንድ ስህተት አንድ ምት። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ሰባት ጊዜ ስምንትን ታውቀዋለች፤ ደጅ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ፊት ስትቆም ግን ገና ሳልጠይቃት መዳፏን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ከመልሷ መዳፏ ይቀድማል። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበረ፤ ይንቀጠቀጡ ነበር። ያችን መዳፍ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ፍርሃት የሞላው ራስ ውስጥ ሰባት ጊዜ ስምንት መቆሚያ አያገኝም። ከዚያ ዓመት በኋላ አርጩሜውን ጣልኩት፤ ክፍሉም አልተበተነም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በትምህርት ቤት የተከለከለውን ቤት ውስጥ የምንፈቅደው በምን ሒሳብ ነው?

ቅጡ አትቅጡ እያልኩ አይደለም። ቅጣት ዱላ ብቻ የመሰለው ሰው ቅጣትን አያውቃትም። የቤት ሥራውን ትቶ የተጫወተ ልጅ በማግሥቱ ጨዋታው ቀርቶበት ሥራውን ይጨርስ። ያበላሸውን ይጠግን። የዋሸውን ሰው ፊት ለፊት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ። እናንተም ቃላችሁን አትጠፉ፤ ዛሬ ከልክላችሁ ነገ ሲያለቅስ የምትፈቅዱ ከሆነ ልጁ የተማረው ማልቀስን ነው። «ለልጅ ፊት አይሰጥም» የሚሉ አሉ። እኔ ያየሁት ፊት ያጣ ልጅ ጥያቄውን ይዞ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው፤ የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ደግ አይሆንም።

ሌላው የሚቆረቁረኝ የሴት ልጆቻችን ማታ ነው። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ታናናሾቿን ታስተኛለች። ለደብተሯ የሚተርፋት እንቅልፍ የሚያንገላጅጅበት ሰዓት ነው። ካርድ ሲመጣ ግን ሁለቱም እኩል ይጠየቃሉ። ይህ ግፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሥራውን አካፍሏቸው፣ ወንዱም ዕቃ ይጠብ።

ሥራ ራሱ ከትምህርት አይጣላም፤ እንዲያውም ወንድሙ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይበቃም። ግን ሳያቦካ መቼ ይማራል? ስንት ጣሳ ዱቄት በስንት ጣሳ ውሃ እንደሚቦካ አብሯችሁ ይለካ። ሱቅ ላኩት፤ የሚመለሰውን ገንዘብ ከመሄዱ በፊት በአፉ ያስላ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር ቆጥሮ፣ ይህን ባነሣ የት ላይ ያልቅብኛል ብሎ አስቀድሞ ያሰላል፤ ይህ ሒሳብ ካልሆነ ሒሳብ ምንድን ነው? መብራት የጠፋበት ማታ ደግሞ ለእንቆቅልሽ የተሠራ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ሲጠፋው አገር ይሰጣል። እኔ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን በስም ያወቅኋቸው ካርታ ሳላይ በፊት፣ እንቆቅልሽ አቅቶኝ ስሰጣቸው ነው። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ለእንዲህ ያለ ማታ አታምጡብኝ።

ስለ ስልክ ያለኝ ነገር አጭር ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»፤ ልጅ የሚይዘው ደግሞ ስንናገር የሰማውን ሳይሆን ስናደርግ ያየውን ነው። አባት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ «አጥና» ቢል ማን ይሰማዋል? ለዚያች ግማሽ ሰዓት የቤቱ ስልክ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የእናንተም።

ቋንቋም እንዲሁ። ልጃችን እንግሊዝኛ ይቅናው ብለው ቤት ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ የሚከለክሉ ወላጆች አሉ። ራሳቸው በደንብ በማይችሉት እንግሊዝኛ ያናግሩታል፤ ልጁ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ልጅ ንባብ የሚጀምርለት በሚያስብበት ቋንቋ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ ለሚነገርበት ቤትም ምክሬ ያው ነው። አንዱን ቋንቋ አጥርቶ ያነበበ ልጅ ወደ ሌላው ለመሻገር ድልድይ አለው። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼም፣ ዋሽንግተን ዙሪያም ኑሩ ቴል አቪቭ፣ ልጃችሁ የሚያመጣው የቤት ሥራ እናንተ በማትችሉት ቋንቋ ነው ብላችሁ አትሽሹ። «ይህን ገጽ አንብብልኝ፣ ከዚያ በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። እናቴ ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገችም። እናንተ የቤት ሥራውን ትሰማላችሁ፣ እርሱ አማርኛውን አይረሳም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ብለን እንተርታለን። ከነንፍጡ የሚወደድ ከሆነ ከነስህተቱ፣ ከነተሰረዘው ገጹ፣ ከነ41ኛነቱም ነው። ደብተሩን ስታዩ ፊታችሁ የሚጨፈገግ ከሆነ ልጁ ደብተሩን መደበቅ ይማራል። የተሰረዘውን ገጽ ስታገኙ ደስ ይበላችሁ፤ መታገሉን ነው ያገኛችሁት። የሚያስፈራው ባዶው ገጽ ነው።

ጎረቤቴ ቤቴ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ማታ ማታ ከልጁ ጋር ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቀን እንቅልፍ እንደሚያሸንፈውና ልጁ እንደሚቀሰቅሰው ነግሮኛል። የልጁ ደረጃ ሰኔ ላይ ስንት እንደሚሆን አልጠየቅሁም። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእኛ በር አልፎ፣ ቦርሳውን ሳያወርድ፣ «አባባ፣ አስርዮሽ አልገባኝም» አለኝ። «አልገባኝም» የሚል ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ራት ሲነሣ ስልካችሁን አስቀምጡና ልጃችሁን ደብተሩን አምጣ በሉት። አጠገቡ ተቀመጡ።